በሙሉ ድምፅ ያለፈ መንደሪን

ጉለሌ፣ ኅዳር 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጉልላት፣

ሰላምታዬ ከሾፌሩ ከቶለሳ ጋር አብሮ ተሳፍሮ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወባው ለቀቀህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው ዳገቱን ስወጣ የሚያማርረኝ፤ እሱም ዛሬ የጀመረው አይደለም። ቶሎ ባለመመለሴ ይቅር በለኝ። የምሸጥበት የመንግሥት ፍራፍሬ ሱቅ በር ላይ ያለው ሰልፍ የሚያልቀው ሲመሽ ነው፤ ቤት ስገባ ደግሞ እስክሪብቶ መያዝ ቀርቶ ጫማዬን ማውለቅም ያቅተኛል።

የጠየቅከኝን እሺ ብያለሁ። አንተን መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ? ግን በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ መልሼ ልንገርህና ከተሳሳትኩ አርመኝ። ከአዋሽ ዳር የላክሃቸው መንደሪኖች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሦስቱም አንተ ራስህ በመራራ ብርቱካን ግንድ ላይ አጣብቀህ ያሳደግሃቸው አዲስ ዘሮች ናቸው። እንዳይቀላቀሉ ሳጥኖቹን ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ቀብተሃል። ከፊሉን አሁን እንደደረሰ ሰው ይቅመሰው፤ የቀረው በሱቁ መሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ እኛ በረዶ ቤት የምንለው ውስጥ ይቆይና ገና ሲቃረብ ወጥቶ እንደገና ይቀመስ። ከበረዶ ቤት የወጣውን የአዲስ አበባ ሰው ከወደደው ዛፎችህ ይተርፋሉ። ካልወደደው ተነቅለው ቦታው ለጥጥ ይሰጣል። እንዲህ አይደል ያልከው? እንዲህ ከሆነ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሐሩር የተንገበገብክበት ነገር እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ገብቶኛል።

የትኩሱን ጉዳይ ጨርሻለሁ። ከሥራ ስወጣ በዘንቢል ይዤ ለጎረቤት አደልኩ። ሁሉም ጥሩ ነው አሉኝ። ቀዩም ጥሩ ነው፣ አረንጓዴውም ጥሩ ነው፣ ነጩም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ወንድምሽን ያቆይልሽ። ፊቱን ያኮማተረ አንድ ሰው አላየሁም። ዓሊማ ብቻ፣ ከሱቃችን ጎን ሳሙናና ሻይ ቅጠል የምትሸጠዋ፣ ነጩን ጨመቅ አድርጋ ‹‹እንዴ፣ ይሄ ካቦርት ለብሶ ነው እንዴ የመጣው? ልጣጩ ከሥጋው አልተገናኘም›› አለችና ሳቀች። ከዚያ በላችው። ምን እንዳለችኝ አልጽፍልህም፤ የሷን አፍ ታውቀዋለህ። ግን ወዳዋለች።

ለገና ትመጣለህ ወይስ ዘንድሮም የለህም? አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

እህትህ ታየች


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ ታየች፣

የናፍቆት ሰላምታዬን ከጉልበትሽ ጀምሬ እስከ ዓሊማ ሳሙና ድረስ አቅርቤያለሁ። ስለ ወባው የጠየቅሽኝ፣ መጥቶ ሄዷል። ኪኒኑ ጆሮዬን ደንቆሮ አድርጎታል እንጂ ሌላ የለብኝም። ስለ ገና ግን አዝናለሁ። ዛፎቹን ከለቀማ በኋላ ትቼ ብሄድ ውሃ የሚያጠጣልኝ የለም፤ የእርሻው ኃላፊ ሰውን ሁሉ ወደ ጥጡ ወስዶታል። ይቅር በይኝ። አልጋውን ለሌላ እንግዳ አንጥፊው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ አትቆጪኝ። ያደረግሽው ቅምሻ ለእኔ አይሆነኝም። አንቺ በሰፈሩ የተከበርሽ ሰው ነሽ፤ በዘንቢል ይዘሽ ደጃቸው ሄደሽ ‹‹የወንድሜ ነው፣ ቅመሱልኝ›› ስትያቸው ማን ነው መራራ ነው የሚልሽ? እኔም ብሆን አልልሽም። ልጅ ሳለሁ የቀቀልሽልኝን ጎመን ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደል የበላሁት?

ከበረዶ ቤት የወጣው ሲመጣልሽ እንዲህ አድርጊ። ለማንም አትስጪ፣ የማን እንደሆነም አትናገሪ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሱቁ ውስጥ አስቀምጪና ዝም ብለሽ እዪ። ሰው የትኛውን ያነሳል፣ የትኛውን ጨምቆ ይመልሳል? በማግሥቱ ተመልሶ የሚመጣው የትኛውን ፈልጎ ነው? የሚሉሽን ተዪው፣ እጃቸውን እዪ። ሦስቱም እንዲወደዱ አልፈልግም፤ ሊሆንም አይችልም። ከሦስቱ አንዱ ተለይቶ ከተወደደ እሱን ይዤ ኃላፊዎቹ ፊት እቆማለሁ። አንድ ብቻ ይበቃኛል። ለእኔ ብለሽ መልካም ዜና እንዳታበጂልኝ፣ በአባታችን አፅም።

ወንድምሽ ጉልላት


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጉልላት፣

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰህ፤ ቀኑ ገና ቢሆንም ቶለሳ ደርሶ እስኪመለስ በዓሉ ያልፋል ብዬ ነው። ደብዳቤህም ደርሶኛል፣ ከሱ በኋላ በፓኬት ካርቶን ላይ የጫርካትም ደርሳኛለች። ‹‹ነገሩ እንዴት ሆነ?›› ብለህ ሁለቴ ጽፈሃል። ጥሩ ሆኗል። ግን አንተ እንዳልከው አልሆነም፤ እስክትጨርሰው አትቆጣ።

እንዳስተማርከኝ ላደርግ ሦስቱን ሳጥን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ጓድ አለማየሁ የሚባል ሰው መጣ። ለጥናቱ የተመደበው እሱ ነው። ሳጥኖቹን አየና ‹‹ጓድ ታየች፣ ይሄ በአንድ ሱቅ ደጃፍ የሚካሄድ ነገር አይደለም። አስተያየት የሚሰጠው ሰፊው ሕዝብ ነው›› አለኝ። ዓርብ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ያልተገኘ የስኳር ተራው ያልፈዋል ተባለና አዳራሹ ግጥም አለ።

ዓርብ ጠዋት፣ ጉልላት። በነቢያት ጾም። መንደሪኑ ተልጦ በትሪ ሲዞር ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውሃ የማይቀምሰው ሰው ሁሉ፣ ማለትም ከአዳራሹ የሚበዛው፣ ክፋዩን ተቀብሎ በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። እምቢ እጾማለሁ ብሎ በጓድ አለማየሁ ፊት የሚነሳ የለ። ከጎኔ ያሉት ባልቴት ሦስቱንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። ከወንዶቹ አንዱ በባርኔጣው ውስጥ አደረገው። የቀመሱት እነ ዓሊማና ከጾሙ የራቁ ጎረምሶች ብቻ ናቸው። ከዚያ ጓድ አለማየሁ ተነሳና ‹‹ቀዩን የምትቀበሉ?›› አለ። እጅ ወጣ። ‹‹የሚቃወም? ድምፅ የሚያቅብ?›› አንድም እጅ አልወጣም። አረንጓዴው ሲደርስ ዓሊማ ክፋዩን አፏ ውስጥ እንደያዘች እጇን ዘረጋች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ በጣም መራራ ነው። ነጩም እንደዚያው አለፈ። ሦስቱም በሙሉ ድምፅ አለፉ፤ ተጨበጨበ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰው በፍርሃት ብቻ አይደለም እጁን ያወጣው። ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ‹‹የወንድሜ ነገር ነው፣ ነገ ሦስቱንም ደግፉልኝ›› ብዬ ለምኛለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከማላነጋግራቸው ሰዎች ደጅ ሳይቀር ቆሜያለሁ። ጉልበቴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። አንተ የላክህልኝ ዘዴ ለሌላ አገር ጥሩ ይሆናል፤ እዚህ የሚቆጠረው የወጣ እጅ ነው። አንዱ ተለይቶ ቢወደድና ሁለቱ ቢወድቁ ከሦስት ሁለት እጅ ዛፍህ ይነቀል ነበር። አሁን ግን አንድም አይነካም።

እውነቱን ከጠየቅከኝ፣ ቀዩ ከበረዶ ቤት ሲወጣ የጠላ አተላ ይሸታል። የአረንጓዴውን ነግሬሃለሁ። ነጩ ግን ልጣጩ ይበልጥ ላልቶ ያረጀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጣፋጭ ነው ይላሉ። ይሄን ለራስህ ያዘው፤ የተጻፈው የተጨበጨበው ነው።

ዛፎቹ አበባ ሲይዙ ጻፍልኝ። ደክሞኛል፤ ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ታየች


አዋሽ፣ ጥር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ታየች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ። ቶለሳ ስለቸኮለብኝ አጭር ነው፣ ይቅርታሽን።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ያ ሁሉ ደጅ መዞርሽ አንጀቴን በላው። እጅሽን ይባርከው፤ እናታችን ብትኖር ከዚያ በላይ አታደርግልኝም ነበር። አልተቆጣሁም። ደግሞ ደጋግመሽ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው፤ አልተቆጣሁም።

ስለ አበባው የጠየቅሽኝ፣ ዘንድሮ የአበባው ነገር አይታወቅም። የመስኖው ውሃ ጨው ጨምሯል ይላሉ። የእርሻው ኃላፊ ምን አለ ብለሽ በቶለሳ ላስጠየቅሽኝም እስካሁን የነገረኝ የለም። ስብሰባ አለ ይላሉ፣ ከዚያ ስብሰባው ይተላለፋል። እኔ አሁን ብዙ ሰዓት ጥጡ ዘንድ ነው የምውለው። እንቅልፍ ጥሩ ነው፤ ሥራው ስለቀለለ።

በረዶ ቤት ውስጥ የቀሩት ሳጥኖች እየወጡ ወደ ሱቅሽ መምጣታቸው አይቀርም። ከእንግዲህ በእነሱ አትድከሚ። እንደ ማንኛውም መንደሪን ሽጫቸው። ማን ምን አለ ብለሽ መከታተሉን ተዪው፤ በቂ ነው። ጉልበትሽን አሳርፊው፣ ሐኪም አሳዪው።

ዓሊማን ሰላም በይልኝ። እንባ ስላቀረረው ዓይኗ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ጉልላት


ጉለሌ፣ ጥር 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉልላት፣

እንዴት ነህ? ‹‹ሥራው ቀለለ›› ያልካት ነገር ደስ አላለችኝም። አንተ ሥራ ቀለለኝ ብለህ የምታውቅ ሰው አይደለህም። አሞህ ከሆነ ንገረኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብለህ አትያዘው። ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪው ላልከኝ አላሳየሁም፤ ሐኪም ዘንድም ሰልፍ አለ፣ እኔ ሰልፍ ጠልቻለሁ።

ሐኪም ካነሳህ ግን የሆነ ነገር ልንገርህ። አትድከሚ ብለኸኝ ነበር፤ አልደከምኩም፣ ነገሩ ራሱ ደጄ መጣ። ከበረዶ ቤት የተረፈው መጣልኝ። ቀዩና አረንጓዴው ለመጣል እንጂ ለሌላ አልሆኑም። ነጩን የበሰበሰውን ለቅሜ መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። ሰው ሁሉ ጨመቅ እያደረገ ‹‹ይሄ ያረጀ ነው›› ብሎ ይመልሳል። ሦስት ቀን ሙሉ እንደዚያ። በቃ ይሄም ሄደ ብዬ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ አንዲት ልጅ መጣች። እኛ ሱቅ ከሆስፒታሉ በር ብዙ ስለማይርቅ ጠያቂ ሁሉ በእጁ ፍራፍሬ ይዞ ነው የሚገባው፤ ታውቀዋለህ። ሌላ ነገር ስላልነበረ ቅር እያላት ከነጩ ወሰደች። በማግሥቱ ተመልሳ ‹‹ያንኑ ስጪኝ፣ ልጣጩ ለቀቅ ያለውን›› አለችኝ። ሌላ ብርቱካን መጥቷል ብላት እምቢ አለች። የምትጠይቃት አክስቷ ወይዘሮ ደሳለች ይባላሉ፤ እጃቸው ከበሽታው የተነሳ ጨብጦ መያዝ አይችልም። ብርቱካን ሰው ካልላጠላቸው አይበሉም፤ ነርሷ ደግሞ መቼ ጊዜ አላት። የኛን ነጩን ግን በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ልጣጩ ብቻውን ይወርዳል። ሳምንት ሙሉ ምግብ አልፈልግም ያሉ ሰው ራሳቸው ልጠው በሉ። ከጎናቸው ያለችው በሽተኛ ቀምሳ እሷም ጠያቂዎቿን ላከች። ከዚያ የወንዶቹ ክፍል ሰማ። አሁን ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ‹‹የበሽተኛው መንደሪን አለ?›› ይለኛል። ለጤነኛም ይወስዳሉ፤ ልጆቻቸው ራሳቸው ስለሚልጡት ይወዱታል አሉ።

ጉልላት፣ በሽተኛ ይሉኝታ የለውም። አፉ ያልተቀበለውን ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተወዋል፤ ማንም ለምኖ አያስበላውም። እኔም ማንንም አልለመንኩም፣ የማን እንደሆነም አልተናገርኩም። ያ የቆዳው መላላት፣ እንከን ነው ያልነው፣ በረዶ ቤት ሲቆይ የሚብሰው፣ እሱን ነው የወደዱት። አንድ ብቻ ይበቃኛል ብለህ ነበር። ይኸው አንድ። ይሄን ደብዳቤ ይዘህ ኃላፊው ፊት ቁም። ካስፈለገ ወይዘሮ ደሳለች ራሳቸው ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል።

ከነጩ ዛፍ ስንት አለህ? ለመጪው ዓመት ነጩ ይጨመር በላቸው። ከገናው ጭብጨባ ይልቅ ዛሬ ነው ልቤ የሞላው።

እህትህ ታየች


አዋሽ፣ የካቲት 7 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ታየች፣

እንዴት ነሽ? ስለ ጤናህ እንደማትዋሸኝ ቃል ግባልኝ ብለሽ በቶለሳ ላክሽብኝ። አልታመምኩም። ይሄ እውነት ነው።

ደብዳቤሽን አራት አምስት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ልጣጩን በአውራ ጣቱ ሲገፋው እያየሁት ነው የሚመስለኝ። ያንን ዛፍ የመረጥኩት ለዚያ አልነበረም፤ ለማሸግ አይመችም ብዬ ከሦስቱ የመጨረሻ ያደረግኩት እሱን ነው። ለወይዘሮ ደሳለች እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። በዚህ አገር ስኖር እንደዚያ ያለ ደስታ ያገኘሁበት ቀን የለም።

ከዚህ በላይ ልደብቅሽ ግን አልቻልኩም፤ ስንት አለህ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ። ምንም የለኝም። ዛፎቹ የሉም፣ ሦስቱም። ውሃው ጨው ሆነባቸውና ቅጠላቸው ረገፈ፤ ከደረቁ በኋላ ቦታው ለጥጥ ተሰጠ። የማንም ጥፋት አይደለም። የአዋሽ ውሃ አንዳንድ ዓመት እንዲህ ያደርጋል። ያኔውኑ ልጽፍልሽ ነበር፤ ያን ያህል ደክመሽ እንዴት ብዬ?

ሱቅሽ ያሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ለበሽተኞቹ ይሁኑ፣ ቀስ ብለሽ አድርሻቸው። ካለቁ በኋላ ሰው ሲጠይቅሽ ወቅቱ አለፈ በያቸው። ሌላ ነገር አታስቢ።

እባክሽ አታልቅሺ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

ጉልላት


ጉለሌ፣ የካቲት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉልላት፣

እንኳን ለሁዳዴ አደረሰህ። ዝም ስልህ ምን ሆነች ብለህ በቶለሳ አስጠይቀኸኛል። ደህና ነኝ። የዘገየሁት የምጽፈው አልመጣልኝ ብሎ ነው።

ደብዳቤህ የመጣ ቀን አለቀስኩ፤ ውሃውንም ረገምኩት። ያን ጊዜ አምኜህ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጓድ አለማየሁ ሱቅ መጣ። ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣው፤ እኔ ነኝ ያነሳሁበት። ‹‹የወንድሜ ዛፎች በጨው ደረቁ አሉ፣ ያሳዝናል›› አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ‹‹ምን ጨው? ከገና በኋላ በትራክተር ነው ያስነቀልናቸው። ጥናቱ እኮ ውጤት አልሰጠንም። ሕዝቡ ሦስቱንም እኩል ነው የተቀበለው፤ አንዱ ከአንዱ ካልተለየ የሚመረጥ የለም፣ የሚመረጥ ከሌለ ደግሞ ለአዲስ ዘር ምን ያደክመናል፣ የድሮው ይበቃል ተባለ›› አለኝ። በክፋት አይደለም የነገረኝ። ሻይ እየጠጣ ነው። ቶለሳን ስጠይቀው መሬቱን እያየ ‹‹ቅጠላቸው እንደለመለመ ነው የወደቁት፣ እትዬ›› አለኝ።

ስለዚህ አንተ ‹‹እጅሽን ይባርከው›› ብለህ ስትጽፍልኝ ዛፎችህ መሬት ላይ ተጋድመው ነበር። የነቀላቸው የኔ እጅ መሆኑንም ታውቅ ነበር። አንድ ተለይቶ ይወደድ ብለህ በአባታችን አፅም ለምነኸኝ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ሦስቱንም እኩል አደረግኳቸው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ብለኸኛልና ነው የዋሸኸኝ። ያ ነው ደግሞ የበለጠ የሚያመኝ። ሁለተኛ ለኔ ብለህ እንደዚህ ያለውን ሸክም ብቻህን አትሸከም። ተቆጣኝ። ታናሼም ብትሆን ተቆጣኝ።

መንደሪኑ አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሆስፒታል ድረስ እኔ ራሴ ወስጄ ለወይዘሮ ደሳለች ሰጠኋቸው። ‹‹መቼ ነው የሚቀጥለው የሚመጣው?›› አሉኝ። ወቅቱ አለፈ አልኳቸው፣ እንዳልከኝ። ‹‹እንግዲያስ ለከርሞ ያድርሰን›› አሉ። አሜን ብዬ ወጣሁ።

አሁን የቀረውን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው። ከሁዳዴ መያዣ በፊት ባለው ቅዳሜ አዳራሽ ተጠራን። ጓድ አለማየሁ የድሮውን መንደሪን ከበረዶ ቤት አውጥቶ በትሪ አመጣ። በየቀበሌው ሱቅ ሊታደል ነው፣ ሕዝቡ ይወስን ተባለ። ቀመስኩት፤ በዚያ ቀን ጾም አልነበረም። ይጎመዝዛል፣ ይሸታልም። ሱቅ ውስጥ ሰው አንስቶ ሲመልሰው ክረምት ከበጋ ያየሁት ነው። ‹‹የምትቀበሉ?›› አለ። አዳራሹ ሁሉ እጁን አወጣ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ‹‹የሚቃወም?›› ሲል እጄን አወጣሁ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጓድ አለማየሁ ያላየ መስሎ ሊያልፈኝ ፈልጎ ነበር፤ ለኔ ብሎ ይመስለኛል። ሊቀመንበሩ ግን ‹‹ጓድ ታየች፣ ምንድን ነው?›› አለ። ተነሳሁ። ‹‹ከበረዶ ቤት ሲወጣ ሰው አይወደውም። የምሸጠው እኔ ነኝ፤ አይቻለሁ። የተወደደው ሌላ ነበር፣ እኛ ግን ሁሉንም እኩል ነው ብለን አስነቀልነው›› አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ከኔ ሌላ እጁን ያወጣ የለም። ዓሊማ ከጎኔ ነበረች፤ እጇን አላወጣችም፣ ልጆች አሏት። እጄን ግን ከታች ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።

ድምፁ ተቆጠረ። መንደሪኑ አንድ ተቃውሞ ተመዝግቦበት አለፈ፤ ጉለሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነው አሉ። አንተን ደስ ይበልህ ብዬ አይደለም ያደረግኩት። ዛፎችህ እንደማይመለሱም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ የቀመስኩትን ልናገር ብዬ ነው።

ማክሰኞ የሱቁን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። አላንገላቱኝም፤ በኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ሚዛኑን እንዴት እንደምታስተካክለው አሳይቻታለሁ። ዓሊማ መደርደሪያዋን አጋርታኝ ከጎኗ ሎሚና ቃሪያ ይዤ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ መቆም ስለቀረልኝ ጉልበቴ ትንሽ ተሽሎታል።

አንተን ግን በኔ የተነሳ ጥያቄ ይዘው ይመጡብህ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ከመጡ እህቴ አርጅታለች፣ የምታደርገውን አታውቅም በላቸው። አይከፋኝም። ለፋሲካ መምጣት ከቻልክ ና፤ ካልቻልክም እረዳለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤህን በሱቁ አድራሻ አትላክ፤ በዓሊማ ስም ላክልኝ።

እህትህ ታየች